ብረት ጠጥታ ቡሬ የገባች አራስ

ቡሬን ያላያችሁ ብዙ ናችሁ፤ ባታዩትም አልፈርድባችሁም። እኔ ራሴ ካንድ ጊዜ በላይ አልሄድኩም፣ ያም በዝቶብኛል። ከገበዝ ማርያም ተነሥተን፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በሚሏት በወጀት አልፈን፣ ማንኩሳ አድረን ቡሬ የገባነው ጣሊያን እዚያ ምሽጉን ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን ነው። ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ ወልዳ ታመመች፤ እሷን ልናሳክም ሄድን። ምክንያታችን ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። በመንገዱ ላይ የሚያስደንቅ ተራራም ፏፏቴም ካለ እኔ አላየሁትም፤ ዐይኔ ከቃሬዛው ላይ አልተነሣም ነበርና።

ያኔ ፊደል ያልቆጠርኩ የሃያ ዓመት ግድም ልጅ ነበርኩ። ኋላ ነርስ ሆኜ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሐኪም ቤት ሠራሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ያን ጊዜ በዐይኔ ያየሁትንና ኋላ የገባኝን ደባልቄ ነው። የኋለኛው ባይገባኝ በወደድኩ።

የተነሣንበት ቀን

ጥሩወርቅ የወለደችው ሴት ልጅ ነው። ምጡ ጠናባት፤ እንግዴ ልጁ አልወርድ ስላለ አዋላጇ እጇን ሰዳ አወጣችው፤ ደሙ እንደ ጉድ ፈሰሰ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ብርድ ብርድ አላት፣ ከዚያ ትኩሳቱ ያዛትና አለቅ አለ። ከንፈሯ አመድ መሰለ። የዐይኗን ቆብ ገለጥ አድርገን ስናይ ውስጡ ነጭ ነው። ያያት ሁሉ «ደሟ አልቋል» ይላል፤ እውነትም ይመስል ነበር።

ባሏ አያ ደሴ ጣሊያን ወንድሙን የገደለበት ሰው ነው፤ ስማቸው ሲነሣ ምራቁን እንትፍ ይላል። ያን ሰሞን ግን ከገበያ ተመልሶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ቡሬ የነጭ ሐኪም አለ አሉ» አለ።

«አራስ ልጇ ክርስትና ሳትነሣ እንዴት ደጅ ትወጣለች?» አለች እናቴ።

በኛ አገር አራስ ከቤት አትወጣም፤ ግድ ሆኖባት ብትወጣ እንኳ ብረት ሳትይዝ አትወጣም። ማጭድም ይሁን ቢላዋ፣ ብረት ካጠገቧ ካለ ክፉ መንፈስ አይደፍራትም ይባላል። እናቴ በመጨረሻ እሺ ስትል የራሷን ቢላዋ ከጥሩወርቅ ትራስ ሥር ሻጠችና፣ «ይኼን ከራስጌዋ እንዳታርቂባት» ብላ እኔን አስማለችኝ። ጉልበቷን ስለሚያማት እሷ ቀረች። አያ ደሴና ጎረቤቶቻችን የደብሩን ቃሬዛ ተሸከሙ፣ እኔ ሕፃኗን አዘልኩ።

ጊዜው መስቀል ያለፈበት ነው። ደጋው ላይ ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጥላል። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ግን መሬቱ ጥቁር ጭቃ እየሆነ መጣ። ከሰዓት በኋላ አንዱ ተሸካሚ አዳለጠውና ወደቀ። ጥሩወርቅን ሌሎቹ እንደምንም ያዟት፤ ስንቃችን ግን ከነአቁማዳው ጅረት ገባ። አያ ደሴ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ አወጣው፤ ዳቦው ውሃ ጠጥቶ ሊጥ ሆኗል። «በሉ እንግዲህ አሁን ለማኞች ነን» አልኩ፤ ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ጥሩወርቅም ፈገግ ያለች መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየኋት፤ ጥርሷ ነው የሚንቀጠቀጥ።

ያሳደሩን ሽማግሌ ባልና ሚስት ናቸው። «ልጆቼ፣ ወታደሩ እህላችንን ጠርጎ ወስዶታል፣ ያለን ይኸው ነው» አሉና ሴትዮዋ ውሃ ውሃ የሚል የገብስ አጥሚት አቀረቡልን። ከበረቱ ጥግ ላይ ግን አዲስ እበት ተለቅልቋል፤ የእህል ጉድጓድ ከሥሩ እንዳለ ገበሬ ሆኖ የማያውቅ የለም። ተሸካሚዎቹ እርስ በርስ ተያይተው አጥሚታቸውን ጠጡ። እኛም ቤት እንዲህ ያለ ጉድጓድ ነበረን፤ ባንዳ እየመራ ወታደር ሲያመጣ ከየት አምጥተን እንበላለን? ሽማግሌዎቹ እህላቸውን ቢደብቁም የራሳቸውን መኝታ ለጥሩወርቅ ለቀው እነሱ በባዶ መደብ ላይ ጋደም አሉ።

ማግስቱን

ጠዋት ጥሩወርቅ ሰውነቷ ቀዝቀዝ ብሎ ነቃች። ከዚያች ቀጭን አጥሚት በቀር በአፏ የዞረ ነገር የለም። «ልጄን እስቲ አሳዪኝ» አለችኝ። ከታመመች ጀምሮ ልጇን ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሕፃኗን አጠገቧ አስተኛኋት፤ ጡቷ ግን ደርቋል። አያ ደሴ ውጭ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ፤ ደስ ሲለው እንዲያ ነው የሚሆን።

እዚህ ላይ ኋላ የተማርኩትን ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። የነርስነት ትምህርት ስማር አንድ ሐኪም ደማችን ውስጥ ብረት አለ፣ ደምን የሚያቀላውም እሱ ነው ሲለን የማረሻው ብረት መስሎኝ ስቄአለሁ። ሰውየው አልሳቀም። በዐይን የማትታየው በሽታ አምጪ ባክቴሪያም ያለ ብረት አትራባም አለን። ሰው ሰውነት ውስጥ እንደገባች የምታስሰው እሱን ነው። ሰውነትም የዋዛ አይደለም። ሕመም ሲጀምረው ከደሙ ውስጥ ብረቱን ለቃቅሞ ጉበት ውስጥ ይሸሽጋል፤ ከምግብ የሚመጣውንም አንጀቱን ዘግቶ ይመልሳል። ስለዚህ በሽተኛው ይነጣል። ባክቴሪያዋ በበኩሏ ብረት ነጣቂ ነገር ሠርታ ትልካለች፤ ያም ካገኘው ላይ መንጭቆ ይዞላት ይመለሳል። አንዳንዷም ቀይ ደሙን ራሱን አፍርሳ ትወስዳለች። ደግሞ ብረቱ ሲበዛባት ይመርዛታልና ለክታ ነው የምትይዘው፤ የሚበቃትን ታስቀምጣለች፣ ትርፉን ታስወጣለች። ሰውነት ይህንንም ያውቃል፤ መዳብና ዚንክ እያፈሰሰባት ሊገድላት ይሞክራል።

ይህን ሲነግረን ትዝ ያሉኝ እነዚያ ሽማግሌዎች ከነበረታቸው ናቸው። የእህቴ ሰውነት እህሉን ቀብሮ ደጃፉ ላይ «የለንም» ብሎ የቆመ ገበሬ ነበር። ከንፈሯ የነጣው ደሟ ስለፈሰሰ ብቻ አይደለም፤ ስለደበቀችም ነው። እኛ ግን ንጣቱን አይተን ጎተራዋ ባዶ ነው አልን።

ወደ ወጀት ስንወርድ አገሩ ተለወጠብኝ። በቆሎው የሰው ቁመት ያልፋል፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ በቆሎ ታይቶ አይታወቅም። ውሃው ግን ለብ ያለ ነው፣ ጥም አይቆርጥም። ዝንቡ ደግሞ ጉድ ነው። የቃሬዛውን ተሸካሚ ትቶ የበሽተኛዋ ከንፈር ላይ ይሰፍራል፤ እኔ በቅጠል እያባረርኩ ክንዴ ዛለ።

ላህ ወንዝን ተሻግረን ከከተማዋ መግቢያ ስንደርስ ባንዳዎች አስቆሙን። ጨርቁን ሁሉ ገላለጡ፣ የሕፃኗን መጠቅለያ ሳይቀር ፈቱ። ከትራሱ ሥር ቢላዋውን ሲያገኝ አንዱ፣ «መሣሪያ ነው» አለ።

«የአራስ ብረት ነው፤ አንተንስ የወለደችህ ሳትይዝ ቀርታ ነው?» አልኩት።

የኛው አገር ሰው ነው፤ ምን እንደሆነ አላጣውም። ዐይኑን ከዐይኔ ላይ ነቅሎ ወደ አለቃው አየና ቢላዋውን ወስዶ ከሌሎች ቢላዎችና ማጭዶች ክምር ላይ ወረወረው። ጥሩወርቅ ሁሉንም አይታለች። ያን ያህል ቀን ሲያማት ያላለቀሰች ሴት ያኔ አለቀሰች። «አለቀልኝ» አለች። «እንግዲህ ምን ከለላ አለኝ?» አይዞሽ ብላት፣ ብለማመጣት፣ መንቀጥቀጧን አላቆመችም። ተሸካሚዎቹም ፈሩ፤ ብረት የሌላት አራስ ተሸክመው እንዴት ይሂዱ?

ገበያው ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሳለን የሕፃኗ ልቅሶ ወደኛ ያመጣቸው እሜቴ ዘይነባ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቤታቸው እዚያው ገበያው ጥግ ነው። አንድም ሳይጠይቁ «ግቡ» አሉን። እሳቸው ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን ነንና አያ ደሴ ደጃፉ ላይ እያመነታ ቆመ። ገባቸው። «ሥጋ አላቀርብላችሁም አይዟችሁ፤ ወተት የሁላችንም ነው» አሉት። ወለሉ በጭድ ጭቃ ልስልስ ብሎ ተመርጓል፣ ቁንጫ የሚባል የለም፤ ከኛ ቤት ይልቅ ንጹሕ መሆኑን ሳልወድ አየሁ።

የተደረገውን ሁሉ ስነግራቸው እሜቴ ዘይነባ ጥሩወርቅ አጠገብ ተቀመጡና እጇን ያዙ። «አታልቅሺ ልጄ» አሉ። «ከራስጌሽ ቢወስዱት ከሆድሽ ማን ይወስደዋል?» ከጎረቤት ማረሻ አስመጡ። እሳት ውስጥ ከተው እስኪፍም ጠበቁና በወተት ዕቃ ውስጥ ነከሩት። ወተቱ ተንፈቀፈቀ፣ የቀጥቃጭ ቤት ሽታ ሸተተ። ከላዩ ጥቁር ጥቁር ቅርፊት ተንሳፈፈ። «ይኼ ደምም ይተካል፣ ከለላም ነው» አሉና ራሷን ደግፈው በእጃቸው አጠጧት። ጥሩወርቅ እስከ ጭላጩ ጠጣችው። መንቀጥቀጡ ተዋት። ሁላችንም ተነፈስን። እጃቸውን ሳምኩ።

ማንኩሳ

በነጋታው ትኩሳቷ ተመልሶ ነበር፤ እንዲያውም ከፊተኛው የባሰ። «እየወጣላት ነው፤ ሲወጣ እንዲህ ነው» አለ አያ ደሴ። እኔም አመንኩት። እሜቴ ዘይነባ ለመንገድ ሌላ ቅል ወተት፣ እንደዚያው ብረት የተነከረበት፣ አሲዘውን እስከ ከተማው ዳር ሸኙን።

ከወጀት እስከ ማንኩሳ የጣሊያን መኪና መንገድ ነው። መንገድ ማለት እንዲህ ሰፊ ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር፤ የኛ መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። ግን ምን ያደርጋል? ካሚዮን በመጣ ቁጥር ቃሬዛውን ይዘን ቦይ ውስጥ እንገባለን፣ አቧራው በሽተኛዋን ያለብሳታል። አንዱ ካሚዮን ላይ የተጫኑት ወታደሮች የሆነ ነገር ጮኹብን፤ ስድብ ይሁን ሰላምታ አላወቅንም።

ማንኩሳ ያሳደረችን ራሷም በቅርብ የወለደች ወጣት ሴት ናት። የኛ ሕፃን በረሃብ ድምጿ ሰልሎ እንደ ድመት ግልገል ስትል ሰማችና ከጀርባዬ ፈትታ ወሰደቻት። የራሷን ልጅ ባንድ ጡቷ፣ የኛን በሌላው አጠባች። ሕፃኗ ጠግባ እጇን ዘርግታ ስትተኛ እኔ አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ሴት ያለ ደግ አላየሁም።

ባሏ ደግሞ እንግዳ መጣ ብሎ በግ አረደ። ጉበቱን ትኩሱን ከትፈው ለጥሩወርቅ ሰጧት፤ የነጣ ሰው ጉበት ይብላ የሚለው እኛም ዘንድ ያለ ነው። አልፈልግም ስትል አያ ደሴ እየለመነ፣ እየተቆጣ አጎረሳት። ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞሮ፣ «ማረሻ ይኖራችኋል?» አለ። እንግዲህ የገባንበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የምንጠይቀው እሱን ሆኗል። ሰዎቹም ከማረሻው በፊት የእርሻ ዕቃውን ቀለበት ወገሉን፣ ከወገሉ በፊት የበር ቁልፉን ያመጡልናል፤ የብረት ዓይነት የቀረ የለም። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ደግነት፣ የእህቴን ጉድጓድ እየፈለገ ለሌባው ይከፍት ነበር። ይህን ሳስበው ዛሬም እጄን የማደርግበት አጣለሁ።

ብረቱ ነው የገደላት ብዬ አልምልም። ከማረሻ ወደ ወተት የሚገባው ስንት ይሆናል? ሕመሟ እንደሁ ያለ ብረትም የሚገድል ነበር፤ በሐኪም ቤት ዕድሜዬ እንደሷ ያሉ ብዙ አይቻለሁ። ግን ያ የመጀመሪያው ጠዋት አለ፣ ሰውነቷ ቀዝቅዞ ልጇን የጠየቀችበት። ያን ጠዋት ምን ላድርገው?

ቡሬ

ቡሬ የገባን ቀን ከተማው ቀይ ነው። በየደጁ፣ በየሰሌኑ በርበሬ ተሰጥቷል፤ ገና ከሩቅ ያስነጥሳል። እኛ ዘንድ በርበሬ በመዳፍ ተሸምቶ ይገባል፣ እዚህ ዶሮ ይራመድበታል። ምሽጉ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያየናል። ሐኪም ቤት የተባለው ቆርቆሮ ክዳን ያለው ረዥም ቤት ነው፤ ደጁ ላይ በሽተኛ ተኮልኩሏል። ሕፃኗን እዚያ በላም ወተት እያላስኩ አቆየኋት።

ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም ብል ትቆጡኝ ይሆናል። ግን አልነበረም። ራሱ ጎንበስ ብሎ አያት፣ አጠባት፣ ቀይ ኪኒን ሰጣት። ቀይ ሽንቷን አይቼ ስደነግጥ አስተርጓሚው «የኪኒኑ ቀለም ነው፣ አትፍሪ» አለኝ። ኪኒኑ ሠራ። ትኩሳቷ ወረደ፣ ገንፎ አማረኝ አለች። አያ ደሴ ምሽጉን እያየ፣ «ወንድሜ ይቅር ይበለኝ» ሲል ሰማሁት።

ከዚያ ሐኪሙ የዐይኗን ቆብ ገልጦ ንጣቱን አየ። ራሱን ነቀነቀ። ጥቁር ወፍራም መድኃኒት በጠርሙስ አምጥቶ በማንኪያ አጠጣት። አያ ደሴ ምንድን ነው ብሎ አስተርጓሚውን ጠየቀው።

«ደም የሚሠራ መድኃኒት ነው» አለ አስተርጓሚው። «ብረት ነው።»

አያ ደሴ ያን ሲሰማ ፊቱ በራ። «አየሽ?» አለኝ። «አየሽ? እነሱም ያውቁታል።» የጠላውን ሰው እጅ ጎንበስ ብሎ ሳመ።

ትኩሳቷ ተመልሶ መጣ። ኪኒኑ እየተሰጣት፣ ጥቁሩም መድኃኒት እየተሰጣት፣ ወጣ። ሐኪሙ ቀን ከቀን እየተመላለሰ ያያታል። አንድ ቀን ጠዋት ጥሩወርቅ እጄን ያዘችና፣ «ፊቴ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ቀልቷል እታለም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ጉንጯ በትኩሳት በርበሬ መስሏል።

«እንግዲያው ደሜ ተመልሷል» አለች። ደስ አላት። ፀሐይ ከአናታችን ሳትደርስ ሞተች።

የመመለሻው መንገድ

ሬሳዋን ይዘን አገራችን ልንመለስ ስንል ከለከሉን። በትኩሳት የሞተ ሰው በመኪና መንገድ አይወጣም የሚል ትእዛዝ አለ አሉ። ብንለምንም፣ አያ ደሴ መሬት ላይ ቢንከባለልም አልሆነ። ከማታውቀው ደብር፣ ከማታውቀው ሰው መሀል ቡሬ ቀበርናት። ካህናቱ ዘመድ እንደሞተባቸው ሆነው ፈቷት፤ የሰፈሩ ሴቶች ስሟን ጠይቀውኝ በስሟ አለቀሱላት። እንጀራም አመጡልን፤ ማን ይበላል?

መንገዱ ስንሄድ የረዘመውን ያህል ስንመለስ አጠረብኝ። ማንኩሳ ያቺ ደግ ሴት ሕፃኗን እስክትጠግብ አጠባችልን። ወጀት ለእሜቴ ዘይነባ መሞቷን ነገርናቸው። «ወተቱን ደጋግሜ ባጠጣኋት ኖሮ» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ያኔ እኔም እንደሳቸው ነበር የማስብ፤ ዛሬ ቢሆን ምን እንደምላቸው አላውቅም።

ቃሬዛው የደብሩ ንብረት ነው፣ መመለስ አለበት። ተሸካሚዎቹ እየተፈራረቁ ባዶውን ያዙት። በኛ አገር መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ማለዳ ሽማግሌዎች ሄደው ነው የሚያረዱ። ስለዚህ ከመንደሩ በታች ቆይተን፣ ሲጨላልም ካህኑ ቤት ልንገባ ተስማምተን ነበር። ያላሰብነው አንድ ነገር ነው። በሽተኛ በቃሬዛ የሄደበት አገር ሬሳም ቢሆን በቃሬዛው ይመለሳል። ባዶ ቃሬዛ ተሸክሞ ሲመጣ የታየ ሰው በሽተኛው ድኖ በእግሩ ከኋላ እየመጣ ነው ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

እናቴ ከዳገቱ አናት ላይ ተቀምጣ ነበር። ለካ ከሄድንበት ቀን ጀምሮ እዚያ ነው የምትውል። እኛ ሳናያት እሷ አየችን። ቃሬዛው ባዶ መሆኑን አየች። እልልታዋን ሰማን።

ተሸካሚዎቹ ባሉበት ደረቁ። አያ ደሴ መንገዱ ላይ ተቀመጠ። እናቴ እየሮጠች ወረደች፣ አገጬን በእጇ ዳሰስ አድርጋ፣ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ሕፃን በመጠቅለያዋ ላይ ሳም አድርጋ አልፋኝ ሄደች። ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፣ አልደረስኩባትም። ከሁላችንም በታች፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ላይ ቆመችና ቁልቁለቱን እያየች ትጣራለች።

«ቀስ ብለሽ ነይ ልጄ፣ አትቸኩይ፤ እኔ አለሁ እጠብቅሻለሁ።»